ጥቁር ክር በሰማያዊ ቁምጣ

ልብስ ሰፊዋ ባሏን ከጀልባ ቤቱ ጀርባ ስታገኘው፣ አንዱን እግሩን ቁምጣው ውስጥ ከትቶ ሌላውን ለማስገባት በአንድ እግሩ ይዘልላል። ሲያያት ክው አለ። ፎጣውን ከመሬት አፈፍ አድርጎ ሆዱን ሸፈነ፤ ሠላሳ አራት ዓመት አብራው የኖረች ሚስቱ መሆኗን የረሳ ይመስል።

«አንቺ? ምን እግር ጣለሽ?»

«አንተስ? ዳማው ወደ ሐይቅ ዳር ዞረ እንዴ?»

ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት ጡረተኛ ጓደኞቼ ጋ ዳማ ልጫወት ብሎ ከቤት መውጣት ከጀመረ ሁለት ወር አልፎታል። ሲመለስ የሱሪው ወገብ እርጥብ ነው። ላብ ነው ይላል። እሷ ደግሞ ዳማ ሰው በላብ ሲያጠምቅ ሰምታም አታውቅ። ባለፈው ሳምንት ከመሳቢያዋ አንድ ጥቁር ክርና ክንድ የሚያህል ላስቲክ ሲጠፋባት፣ ሌላ ሴት ሳይቀር አስባለች። በስልሳ ሁለት ዓመቱ፣ ያውም ላስቲክ የምትፈልግ ሴት! ዛሬ ኮቴዋን አጥፍታ ተከተለችው።

«እሺ፣ አትቆጪኝ» አለ ሰውዬው፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። «የክሊኒኩ ሲስተር ውኃ እንዳልገባ መከልከሏ ጠፍቶኝ አይደለም። አንቺ እንዲህ እየለፋሽልኝ እኔ እየዋሸሁሽ… ልጆቼን እውነቴን ነው፣ ሁለተኛ አይለምደኝም።»

ሴትዮዋ መሬት ተከፍታ በዋጠቻት ወደደች። ሲስተሯ አልከለከለችማ።

አምና ሐኪሞቹ የታመመ አንጀቱን ቆርጠው አወጡና በሆዱ ግራ በኩል መውጫ ከፈቱለት። ከዚያ ወዲህ የሚወጣው ሁሉ እዚያ ላይ በሚለጠፍ ከረጢት ውስጥ ነው የሚጠራቀመው። ክሊኒክ መሄድ ስለሚያሳፍረው በየወሩ ከረጢቶቹን የምታመጣለት እሷ ናት። በሦስተኛው ወር ሲስተሯ የቁስሉን ነገር ጠይቃት፣ መድረቁን ስትሰማ፣ «እንግዲህ ይዋኝ እንጂ! ከረጢቱ ውኃ አያስገባም። ባዶ አድርጎት ይግባ» ብላ ነበር።

ያን ዕለት ቤት ስትደርስ ባሏ በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። ገና ጫማዋን ሳታወልቅ «የዋናዬን ነገር ጠየቅሽልኝ?» አላት። «ከልክላለች» አለችው። ቃሉ ከአፏ የወጣበት ፍጥነት እሷኑ አስደነገጣት።

ፈርቼ ነው እያለች ራሷን ስታጽናና ኖረች። መፍራቱንስ ፈርታለች፤ ኦፕራሲዮን ክፍል በር ላይ የጠበቀችውን ጠዋት አትረሳውም። ግን ፍርሃት ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባላሳፈራት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ሲነዳ ቤቱን እንደ ሆቴል ለአዳር ብቻ የሚያውቀው ሰው፣ አሁን ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ተቀምጦ መርፌ ላይ ክር ይሰካላታል፣ የድሮ ተሳፋሪዎቹን እያነሳ ያስቃታል። ደስ ብሏት ነበር። ባሏን በውሸት ቤት አስቀምጣ ደስ ብሏት ነበር።

ዓይኗ ቁምጣው ላይ አረፈ። ከረጢቱን እንዲሸፍንለት ወገቡን በቁራጭ ጨርቅ ስንዝር ያህል አስረዝሞታል። ሰማያዊ ቁምጣ ላይ ጥቁር ክር፣ አንዱ ስፌት ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ በግራ በኩል ከአሁኑ ተተርትሯል። የልብስ ሰፊ ባል!

«ማነው የሰፋው?»

«እኔው ነኛ። አንቺን በምን አፌ ልጠይቅሽ?»

«አውልቀውና ስጠኝ።»

ፎጣውን አሸርጦ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። እሷም ከቦርሳዋ መርፌና ክር አውጥታ ከጎኑ ተቀመጠች። የተተረተረውን ፈትታ እንደ አዲስ ጀመረችው። ቀና ብላ ልታየው አልደፈረችም።

«ሲስተሯ አልከለከለችም» አለች፣ ለቁምጣው የምትነግር ይመስል።

«ምን አልሽ?»

«ይዋኝ ነው ያለችው። የከለከልኩህ እኔ ነኝ።»

ውኃው የታሰሩትን ጀልባዎች ይመታል። ቢጮህባት ይቀላት ነበር። አልጮኸም።

«ስምንት ወር» አለ።

«ስምንት ወር።»

«እኔ እኮ እስከ ወገቤ ነው የምገባው። ቆሜ እስከ መቶ እቆጥርና እወጣለሁ። ከዚያ ካለፍኩ የምሞት እየመሰለኝ። አንዱ መንገደኛ መጥቶ ‹ባልሽ ውኃ ውስጥ ቀረ› ሲልሽ እየታየኝ። እስካሁን አንድ ቀን እንኳ አልዋኘሁም።»

መርፌው እጇ ላይ ቆመ። ይኼን አላሰበችም። እሷ የሰረቀችው ፈቃድ ብቻ መስሏት ነበር።

«ይቅር በለኝ። ፈርቼ ነው። ደግሞ… ቤት መዋልህ ደስ ብሎኝ ነው።»

ይቅር ብያለሁ አላላትም። «በግራ በኩል አጥብቂው» ነው ያላት፣ «እዚያ ጋ ነው የሚፈታብኝ።»

አጥብቃ ሰፋችው፤ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ሰጠችው። ሲለብሰው ልክክ አለ።

«ከረጢቱን ባዶ አድርገኸዋል?»

«ከቤት ሳልወጣ።»

ውኃው ውስጥ ገባ። ወገቡ ጋ ሲደርስ እንደ ልማዱ ቆመ። ጀርባውን ሰጥቷት ነው የቆመው፤ ቢሆንም እየቆጠረ መሆኑን ከትከሻው አወቀች። ከዚያ ትከሻው ዝቅ አለ፣ እጆቹ ውኃውን ቀዘፉ። «ከዳር አትራቅ!» የሚለው ጉሮሮዋ ላይ ደረሰ፤ ዋጠችው።

ጀልባዎቹን አለፈ። አልዞረም። እርጥብ ሣር ላይ ፎጣውን ታቅፋ ቆማ፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ መሆኑን ያወቀችው ዘግይታ ነው። ዘጠና ስምንት፣ ዘጠና ዘጠኝ፣ መቶ። እሱ ገና እየሄደ ነው።