አበልጅ የሌለበት ችሎት

ሴትዮዋ መሬቷን እስከ ደጃፏ ድረስ ያረሰባትን ጎረቤቷን ከሰሰች። የወረዳው ብቸኛ ዳኛ ግን የተከሳሹን ልጅ ክርስትና ያነሳ አበልጁ ነበር። «አበልጁ ተቀምጦ ለኔ ይፈርዳል?» እያለች ዞን ድረስ ስትመላለስ ሁለት ክረምት አለፈባት። በመጨረሻ መዝገቡ ወንዝ ማዶ ወዳለው ወረዳ ተዛወረላት።

በቀጠሮዋ ቀን እግሯ አብጦ ደረሰች። ወጣቱን ዳኛ እሷም ጎረቤቷም አይተውት አያውቁም። እፎይ አለች።

«ሙሉ ስም እስከ አያት» አለ ዳኛው።

«ማንጠግቦሽ ተሰማ ወልደሐና።»

እስክሪብቶው ቆመ። «የግራር አምባው ወልደሐና? ልጆቻቸው እነማን ነበሩ?»

በሰው አገር የአያቷን ስም የሚያውቅ ሰው አገኘች። ሰባት ቤት ሲቆጠር እየሰማች ነው ያደገችው፤ ጣቷን እያጠፈች ቆጠረችለት። «የበኩሩ ተሰማ፣ አባቴ ነው። ቀጥሎ እንግዳሸት። ከዚያ ወንዝ ተሻግራ የተዳረችው ዘርትሁን።»

«ዘርትሁን አያቴ ናት» አለ ዳኛው ቀስ ብሎ።

«ተመስገን! የኔ ሥጋ! አምላክ ዘመዴ ጋ አመጣኝ!» እልል ልትል ምንም አልቀራት።

ከኋላዋ ጎረቤቷ እጁን አወጣ። ዳኛው ግን ሳያናግረው አቀርቅሮ ጻፈ።

«እማማ፣ የሥጋ ዘመድዎ ሆኜ ይህን ጉዳይ ማየት አልችልም። እዚህ ደግሞ ሌላ ዳኛ የለም። መዝገቡ ወደ መጣበት ወረዳ ይመለስ።»

ቆማ ቀረች። ጎረቤቷ ከወለሉ ላይ የስንቅ ቋጠሮዋን አነሳላት።

«እንሂድ እንጂ እትዬ ማንጠግቦሽ፤ መንገዳችን አንድ ነው።»