እሳት ያልነካው ቢላዋ

አስረስ ትንሽዬ ቢላዋውን በአልኮል ኩራዙ ነበልባል ላይ እያገላበጠ ለበለበውና፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቆ ሌላ የእንሰት ግንድ ሰነጠቀ። ይኸኛው አራተኛው ነው። አራቱንም ጊዜ ቢላዋውን እሳት አሳይቷል። የጓሮው ባለቤት ዘይባ ግራ ገባት፤ ደግሞ ቢላዋ ይጠበሳል እንዴ?

በሌላ ቀን ቢሆን ሳቋ ያመልጣት ነበር። ዛሬ ግን ሳቅ አልመጣላትም። ከቡታጅራ ወጣ ብሎ ያለው ይህ ጓሮ አርባ እግር እንሰት ነበረው፤ በአንድ ክረምት ዘጠኙ ከመሐል ቅጠላቸው ጀምረው ቢጫ ሆነው ጠወለጉ። ባሏ ሳኒ አዲስ አበባ ንግድ ላይ ነው፤ አምስት ልጆች የሚያድሩት በዚሁ ጓሮ ነው። ሰው ሁሉ ዓይን ነው አላት። የጎረቤቷ የሰፍያ እንሰት ግን አንድም ቢጫ ቅጠል የለበትም፤ ዘይባ ለምን የኔ ብቻ እያለች ስትቀናባት ከርማለች።

ከተሰነጠቀው ግንድ ቢጫ ዝልግልግ ፈሳሽ ወጣ። ተመራማሪው አስረስ ጠብታውን መስታወት ላይ አድርጎ፣ በላንድሮቨሩ የኋላ በር ላይ በተከላት ማይክሮስኮፕ አጎንብሶ ያይ ጀመር። ከአጥሩ ማዶ ሰፍያ ቅጠል ስትቆርጥ ቀጭ፣ ቀጭ ይሰማል።

«ይድናሉ፣ ጌታዬ?»

«ጃንሆይ ይሙት፣ አልዋሽሽም። የታመሙት አይድኑም፤ ነቅለሽ ቅበሪያቸው» አላት። «ባክቴሪያ ነው። በዓይን አይታይም።»

«የቀሩትስ?»

«የምናጠናው እሱን ነው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው በምን እንደሚሻገር። እኛ ላቦራቶሪ ግቢ ውስጥ የታመመ እንሰት በቆረጥንበት ቢላዋ ጤነኛውን ቆረጥነው። ብዙም ሳይቆይ ጠወለገ። ቢላዋዬን የምለበልበው ለዚህ ነው፤ በውሃ ብቻ አይለቅም። አንቺ በምን ነው የምትቆርጪው? እስቲ አሳዪኝ።»

ዘይባ ወደ አጥሩ ዞረች። የጠወለጉትን ቅጠሎች ትናንት የመለመለችበት ቢላዋ ዛሬ ጠዋት አጥር ተሻግሯል። የሰፍያ ልጅ ልትዳር ነው፤ ለድግሱ ቆጮ መጠቅለያ ብዙ ቅጠል ያስፈልጋል። «ያንቺማ ደንዟል፣ የኔን ውሰጂ» ያለቻት ራሷ ዘይባ ናት፤ ማንም አልለመናትም።

ጆሮዋን ጣለች። ከማዶ ምንም አይሰማም። ፈራች፤ ልጆቿ ታመው እንኳ እንዲህ ፈርታ አታውቅም።

ልትጣራ አፏን ስትከፍት ሰፍያ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ መጣች። እንግዳውን ጎንበስ ብላ እጅ ነሳችና ቢላዋውን በእጀታው በኩል ለዘይባ አቀበለቻት።

«አላህ ይስጥሽ፣ ስለቱስ ስለት ነው። ትልቁንም ትንሹንም፣ አንድ እግር ሳላስቀር ከሁሉም ቆረጥኩበት። አጥቤዋለሁ ደግሞ፣ እንዳትቆጪኝ።»

ዘይባ ቀና ብላ ልታያት አልቻለችም። ወደ ኩራዙ ሄደችና ቢላዋውን ነበልባሉ ላይ ያዘችው። ስለቱ ላይ የቀረው ውሃ ቺስ አለ።

ሰፍያ ከጀርባዋ ሳቀች።

«ደግሞ ቢላዋ ይጠበሳል እንዴ?»