የኡምኩልሱም እጆች

ፈርሂያ ፊልሙን ከኢንተርኔት አውርዳ መካነ ሰላም ባለው ቤታቸው ቴሌቪዥን ላይ ከፈተችው። አክስቷ ኡምኩልሱም ሮም ውስጥ እስከ ዕለተ ሞቷ ያስታመመቻት አሜሪካዊት ተዋናይ፣ ፊልሙ ውስጥ ገና ወጣት ናት። መጨረሻው ላይ አንገቷን ትራሱ ላይ ዘንበል አድርጋ ሞተች።

«ኢና ሊላሂ!» አሉ የኡምኩልሱም እናት ከልባቸው። «ምነው ልጄ፣ እንባ እንኳ የለሽም? እንጀራሽ አልነበረችም?»

ኡምኩልሱም እጆቿን ጭኖቿ ሥር ደበቀች። ማዳሟ ካረጀች በኋላ ይህንኑ የፊልሙን ሞት በየቀኑ ትተውንላት ነበር፤ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ትንፋሿን ትይዛለች፤ ኡምኩልሱም ስታጨበጭብላት ዓይኗን ገልጣ ትስቃለች። በመጨረሻው ቀንም አንገቷ እንደዚያው ዘንበል አለ። ኡምኩልሱም አጨበጨበች። አሁን ትገልጣለች፣ አሁን ትገልጣለች እያለች፣ መዳፏ እስኪቃጠል አጨበጨበች።