የኮምቢዋ አልጋ

የጠቅላይ ግዛቱ ጸሐፊ መሸሻ፣ አንድ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ የሸጠለትን ባለ አልጋ ኮምቢ መኪና ጎባ ባለው ግቢው ውስጥ ያድሳል። ሞተሩን ፈትቶ ገጠመ፤ ዝገቱን ፍቆ ቀለም ቀባ። አልጋውን ግን አልነካውም፤ ሲገዛትም ደህና የነበረው እሱ ብቻ ነው።

አንድ ነገር እምቢ አለው። መኪናዋ በአልጋው በኩል ታዘነብላለች። ጎማ ነፋ፣ ሞላ ቀየረ፤ ያው ናት።

"ሰው የተኛባት እኮ ነው የምትመስለው" አለች ሚስቱ ጽጌ እየሳቀች።

መሸሻ አንገቱን ደፋ። መኪናዋን ከሮቤ ሲያመጣ፣ አንዲት አሮጊት በቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች መንገድ ላይ አስቁመውት ነበር። "እስከ ሆስፒታሉ ብቻ፣ ጌታዬ" ብለው ለመኑት። ፍራሹ እንዳይቆሽሽበት ሰግቶ፣ "አልጋው ተሰብሯል" አላቸውና ነድቶ አለፈ። ይህን ለጽጌ በምን አፉ ይንገራት?

ቅዳሜ ጠዋት አልጋውን ፈትቶ ሊያወጣ በሩን ከፈተ። ጽጌ መፍቻ ይዛ ከኋላው ቆማለች። ፍራሹ መሃሉ ጎድጉዷል። እጁን ቢያሳርፍበት ይሞቃል።

"ልጄ" አለው ከባዶው አልጋ የደከመ የአሮጊት ድምፅ፤ "አልጋው እኮ ደህና ነው።"

መፍቻው ከጽጌ እጅ ወደቀ።

"መሼ፣ እኒህን እናት ምን ብለሃቸው ነበር?" አለችው።