የአሳዳጊዋ ካባ

ቀበሮው የነከሳት የሽመላ ጫጩት አሁንም ትተነፍሳለች። ዚናይዳ አእዋፍ በሚጠበቁበት ረግረግ ሸምበቆ መሀል ተንበርክካ የጫጩቷን ቁስል በጨርቅ ተጭና ይዛ ነበር። እንደ ሁልጊዜው ፊቷን ጭምር የሚሸፍነውን ነጭ ካባ ለብሳለች። በሰው እጅ የሚያድጉት ጫጩቶች ሰው ለምደው ከዱር ሽመላዎቹ ጋር መሰደድ እንዳይተዉ፣ አሳዳጊ ፊቷን አታሳይም፤ ድምጿንም አታሰማም።

እንደ እሷው ካባ የለበሰው ሽማግሌ ሐኪም፣ ማትቬይ ፎሚች፣ የጫጩቷን ደረት አዳምጦ ወደ ዚናይዳ ጆሮ ተጠጋ።

«ጥርሱ ሳንባዋ ደርሷል፤ አትተርፍም» አላት በሹክሹክታ። «በጋውን ሙሉ ዝም አልሽላት። ባልሽ እንኳ ‹ምነው ለእኔም እንዲህ ዝም ባለችልኝ› እያለ ቀንቷል። በይ አውልቂውና ተሰናበቻት፣ ዚና።»

«ይቻላል እንዴ?»

«ከእንግዲህ ምን ይጎዳታል?»

ዚናይዳ ካባውን አውልቃ ሣሩ ላይ ጣለችውና ጎንበስ አለች።

«የኔ ቆንጆ፣ እኔ እኮ ነኝ» አለቻት።

ጫጩቷ በድንጋጤ ተንፈራገጠች። በቀረቻት አቅም በክንፏ መሬቱን እየቧጨረች ከዚያ ፊትና ከዚያ ድምፅ ሸሸች። ካባው ጋ ስትደርስ ራሷን ከእጥፋቱ ስር ከተተችና እናቷን ለመጥራት በቀጭኑ አፏጨች።

ማትቬይ ፎሚች ፊቱን ወደ ውሃው አዞረ። ዚናይዳ ካባውን ቀስ ብላ ስባ ለበሰችው፤ ጫጩቷንም አቀፈቻት። ፉጨቱ እስኪቆም ድረስ እጅጌዋን ነክሳ ያለ ድምፅ አለቀሰች።