አምስት ደቂቃ

ኢምፔሪያል አካባቢ አዲሱ ሕንፃ ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ሠራተኞቹ መኪናቸውን የሚያቆሙት በየሰዉ ደጃፍ ነው። ስልክ ቁጥራቸውን በወረቀት ጽፈው ከመስታወቱ ሥር ይተዋሉ፤ ሲደወልላቸው መጥተው ያነሳሉ።

ማክሰኞ ጠዋት አንድ ነጭ ቪትዝ የጋሽ እንድሪስ የግቢ በር ላይ ተለጥፎ ቆሟል። በሩ ወደ ውጭ ስለሚከፈት ለሰው እንኳ አያሳልፍም። ባለቤታቸው ሀጀር ደግሞ ለኩላሊት እጥበት ሦስት ሰዓት ላይ መድረስ አለባት። ጋሽ እንድሪስ ወንበር ላይ ወጡና በአጥሩ አናት አሻግረው ቁጥሩን አንብበው ደወሉ።

«መጣሁ አባባ፣ አምስት ደቂቃ» አላቸው አንድ ወጣት።

ሃያ ደቂቃ ጠብቀው እንደገና ደወሉ።

«አንተ ልጅ፣ አምስት ደቂቃህ አያልቅም እንዴ? በሽተኛ ይዣለሁ እኮ!»

«ጨረስኩ አባባ፣ ጫማዬን እያሰርኩ ነው።»

«ቢሮ ውስጥ ጫማ ታወልቃላችሁ?»

«ቢሮ አይደለሁም። ምንጣፋችሁን እንዳልረግጥ ብዬ አውልቄው ነበር።»

ጋሽ እንድሪስ ዞረው የግቢውን በር አዩት። ከውስጥ እንደተቀረቀረ ነው።

«እንድሪስ» አለች ሀጀር ከመኝታ ቤት፤ «ይሄ ልጅ ጫማውን አስሮ ጨርሷል። እንሂድ እያለኝ ነው።»