ባቷ ሲታሽ

ወጌሻው ያበጠውን የልጅቷን ባት ቅቤ ቀብቶ ሲደፈጥጠው፣ ጩኸቷ የጎረቤት ዶሮ አስበረገገ። "ወለምታ ነው፤ ጠበቅ አርገሽ ያዢልኝ!" ብሎ እናቷን ሲያዝ፣ ክንዶቿን ጠፍራ ያዘቻት።

ልጅቷ ግን ወለምታ እንዳልሆነ ታውቃለች። የእርግዝና መከላከያ ኪኒን ስትጀምር ነርሷ፣ "አንድ እግርሽ ካበጠና ከጋለ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል፤ እንዳታሳሺው፣ ወደ ሐኪም ሩጪ" ብላታለች። ይህን ለመናገር ግን መጀመሪያ ኪኒን እንደምትውጥ መናገር አለባት፤ ያውም ለከንፈር ቀለም እንኳ ፀጉር ለምትነጭ እናት!

ወጌሻው አፏን ሊያፍን እጁን ሲልክ ነከሰችው። በጥፊ አጮላት።

"ምን ዓይነት ጅብ ነው የወለድሽው እቴ!" አለ እጁን እያራገፈ፤ ከዚያ በጉልበቱ ጭኗን ተጭኖ ባቷን እንደገና ጨመቀው። ያኔ ከዱላ ሞት እንደሚብስ ገባት።

"እማዬ፣ የእርግዝና መከላከያ ኪኒን እወስዳለሁ! ደሜ ነው የረጋው፤ አስቁሚው!"

እናቷ ለቀቀቻት። ተነስታ ዘነዘናውን አነሳች። ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች።

ዘነዘናው የወጌሻው ትከሻ ላይ አረፈ።

"ውጣልኝ! ታላቅ እህቷንም እኔው ይዤልህ፣ እንዲህ ስታሻት ነው እጄ ላይ የሞተችው! ከቀብሯ በኋላ ፍራሿ ሥር ይህንኑ ኪኒን ሳገኝ አፍሬ፣ ለሰው ሁሉ ምች ነው አልኩ።"